የጠፋው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ

ስብከት። የሚነበበው ወንጌል፦ ሉቃስ ምዕራፍ 2 ከቍጥር 41 እስከ 52።



በቤተ ክርስቲያናችን የቆየ ሥርዓት መሠረት ከኤጲፋንያ በኋላ በሚውለው በመጀመሪያው እሑድ የሚነበበው ወንጌል ይህ ነው። ወንጌላውያን ስለ ጌታችን ልደት ጽፈውልናል፤ በዮርዳኖስ ከተጠመቀ ወዲህ ስላደረገውና ስላስተማረው ደግሞ ከዚያ ይልቅ አብዝተው ጽፈውልናል። በመካከል ስላለፉት ረጅም ዓመታት ግን ዝም ብለዋል። ሉቃስ ብቻ ከዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ታሪክ ይነግረናል፤ መንፈስ ቅዱስ መርጦ ያስጻፈውም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ሕፃን አይደለም፤ ጐልማሳም አይደለም። እናቱ ከእንግዲህ አቅፋ የማትይዘው፥ አባቱም ገና እንደ ባልንጀራ የማያማክረው፥ በሁለት ዕድሜ መካከል የቆመ ብላቴና ነው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ዮሴፍና ማርያም እንደ ልማዳቸው ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ፤ በዓሉ ተፈጽሞ ሲመለሱ ብላቴናው በከተማው ቀረ፤ እነርሱም አላወቁም። ስለ ምን አላወቁም? ወንጌላዊው ቸልተኞች ነበሩ አይልም፤ ልጃቸውን አይወዱትም ነበር አይልም። ከመንገደኛው ሕዝብ ጋር የሚሄድ መስሎአቸው ነበር ይላል እንጂ። ስለዚህ የአንድ ቀን መንገድ በመምሰል ተጓዙ። ሕፃን ቢሆን ኖሮ በጀርባ ላይ ስለሚታዘል መጥፋቱ በአንድ አፍታ በታወቀ ነበር። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን እግር አለው፥ አፍም አለው፤ «እርሱማ ራሱን ያውቃል» ይባልለታል። የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁሉ እያለፈው ማንም ሳያየው ይጠፋል።

በካርቱም ለኖርን፥ ዛሬም ለምንኖር፥ ከዚያም ለተሰደድን ኢትዮጵያውያን ይህ መምሰል እንግዳ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት ነበረ፤ በማግሥቱ የትንሣኤ በዓል ነው። በዴምና በጅሬፍ በወገኖቻችን ቤት ዶሮው ተገዝቶ፥ ሽንኩርቱ ተከትፎ፥ ልጆችም የበዓል ልብሳቸውን ይጠባበቁ ነበር። በዚያች ማለዳ ተኩስ ተጀመረ፤ ትንሣኤም በአልጋ ሥር ተከበረ። ብዙ ቀን ሳይቆይ ውኃ ጠፋ፥ መብራት ጠፋ፥ ዳቦ ጠፋ። አንዳንዱ በገዳሪፍ በኩል አድርጎ በገላባት ወደ መተማ ተሻገረ፤ አንዳንዱ ወደ ከሰላ፥ አንዳንዱም እስከ ፖርት ሱዳን ሄደ፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ ያጣው፥ በቤቱም ሕመምተኛ ያለበት በዚያው ቀረ። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. የሱዳን ሠራዊት ቤተ መንግሥቱን መልሶ ያዘ፤ በግንቦት ወርም የካርቱም ክፍለ ሀገር በሙሉ በእጁ መግባቱን አስታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ወደ ፈረሰው ቤቱ ተመልሶአል።

በዚያ ሽሽት ጊዜ እናት ሕፃኑን አዘለች፤ ሴት ልጅዋን እንዳትነጠቅባት በእጅዋ ያዘች። ወንዱን ልጅ ግን፥ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት የሞላውን፥ ጓዝ አሸከመችውና «አንተ ከፊት ከፊት ሂድ» አለችው። ሌላስ ምን ታድርግ? እጅዋ ሁለት ብቻ ነው። ያ ልጅ ዛሬ የዐሥራ ሁለት ወይም የዐሥራ ሦስት ዓመት ብላቴና ነው። እስከ ዛሬም ከፊት ከፊት እየሄደ ነው፤ እኛም ደኅና ይመስለናል።

በዚህ አገር የሚያድግ የሐበሻ ልጅ ገና ጢም ሳያበቅል የሚሸከመው ሸክም ብዙ ነው። ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የአስተርጓሚነቱ ሸክም ነው። እናቱ በመንገድ ዳር ሻይ ትሸጣለች ወይም በሰው ቤት ትሠራለች፤ ዐረብኛዋ ለሥራዋ ያህል ነው። ልጁ ግን ቋንቋውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ሲያባርር ለቅሞ ተምሮታል። ስለዚህ ፖሊስ ሲመጣ እርሱ ይጠራል፤ የቤት ኪራይ ሲጠየቅ ቀን እንዲጨመርላቸው እርሱ ይለምናል፤ በሐኪም ፊትም የእናቱን ሕመም፥ ለልጅ ጆሮ የማይገባውን ጭምር፥ እርሱ ይተረጕማል። ሰው ወላጆቹን ሲሰድብ እርሱ አንድም ሳይቀር ይሰማል፤ ለእነርሱ ሲነግራቸው ግን አለዝቦ ይነግራቸዋል። ያለዘበው ስድብ ወዴት ይሄዳል? በእርሱ ሆድ ይቀራል። በጦርነቱም ወራት ጀሪካን ይዞ ውኃ ፍለጋ የሚወጣው እርሱ ነበር፤ የሰፈር ሰዎች ለተራበ ሁሉ በነጻ በሚያበስሉበት፥ ሱዳናውያን ተኪያ በሚሉት ወጥ ቤት ደጅ ድስት ይዞ የሚሰለፈውም እርሱ ነበር። «ወንድ ነው፤ ይችላል» ተባለለት። ቻለም። ነገር ግን የቻለ ሁሉ ደኅና ነውን?

በአገራችን ወንድ ልጅ አያለቅስም ይባላል። ይህ አባባል ከመጽሐፍ ቅዱስ አልወጣም። ንጉሡ ዳዊት አልቅሶአል፤ ጴጥሮስ አልቅሶአል፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሶአል። እንዲህም ሆኖ ልጆቻችን አባባሉን ሰምተዋል፥ ታዝዘዋልም፤ ዝም ብለዋል። ስለዚህ ዝምታ እስቲ ወደ አንድ ሌላ ብላቴና እንመልከት።

በኦሪት ዘፍጥረት በ21ኛው ምዕራፍ ግብፃዊቱ አጋር ከልጅዋ ከእስማኤል ጋር ከቤት ወጥታ በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ስትቅበዘበዝ እናገኛታለን። እንጀራና አንድ አቍማዳ ውኃ ብቻ ነበራት፤ አባት በአጠገባቸው የለም፤ መንገዱንም አታውቀውም። ከእናንተ መካከል ይህን መንገድ የምታውቁት አላችሁ። እስማኤል በዚያን ጊዜ ሕፃን አልነበረም፤ ሲገረዝ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ እንደ ነበረ፥ ይስሐቅም ከዚያ በኋላ እንደ ተወለደ መጽሐፉ ራሱ ይነግረናል። ውኃው ባለቀ ጊዜ እናቱ ከቍጥቋጦ በታች ጣለችው፤ ሲሞት እንዳታይም ፈቀቅ ብላ ተቀመጠችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። እዚህ ላይ ልብ አድርጉ። ያለቀሰችው እናቲቱ ናት፤ ብላቴናው አለቀሰ የሚል ቃል በዚያ አልተጻፈም። ሆኖም ቀጥሎ የተጻፈው እግዚአብሔር የብላቴናውን ድምፅ እንደ ሰማ ነው። የእናቲቱን ልቅሶ በዚያ ያለ ሁሉ ሊሰማው ይችል ነበር፤ ከቍጥቋጦው በታች ያለውን ድምፅ ግን የሰማው እግዚአብሔር ነው። እስማኤል ማለትም እግዚአብሔር ይሰማል ማለት ነው። መልአኩም ለአጋር የሰጣት ትእዛዝ ተነሥታ ብላቴናውን እንድታነሣ፥ በእጅዋም እንድትይዘው ነው። የውኃውን ጕድጓድ ያየችው ከዚህ ትእዛዝ በኋላ ነው።

እንግዲህ ልጁ ሕመሙን በአፉ ካልተናገረ እኛ በምን እናውቀዋለን? በሌላ ቋንቋ ይናገራልና ያንን እንስማ። ሌሊት ይባንናል። በትንሽ በትልቁ ይቈጣል፥ ታናሽ ወንድሙን ይመታል። ራሴን አመመኝ፥ ሆዴን ቈረጠኝ ይላል፤ ሐኪምም ምንም አያገኝበትም። ዐሥር ዓመት ካለፈው በኋላ ፍራሹን ያረጥባል፥ በዚህም አፍሮ ይሸሸጋል። በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል። መጽሐፍ ገልጦ አንዲቱን መስመር ሦስት ጊዜ ያነባታል፤ አትገባውም። እኛም ይህን አይተን «ሰነፈ፥ ባለገ፥ ጠገበ» እንላለን። የልጆችን ልብ ሕመም የሚያክሙ ሐኪሞች ግን የሚነግሩን ይህ ሁሉ ብዙ ፍርሃት ባዩ ልጆች ላይ የሚታይ መሆኑን ነው። አካሉ ከጦርነቱ ወጥቶአል፤ ልቡ ግን ገና ተኩሱን እየጠበቀ ነው። እየጠበቀም ሳለ ፊደል አይገባውም።

ለእንዲህ ያለው ልጅ ዱላ መድኃኒት አይሆንም። ማርቲን ሉተር በሸመገለ ጊዜ በገበታ ዙሪያ ለሚቀመጡት ወዳጆቹ ስለ ልጅነቱ ሲያወራ፥ እናቱ ስለ አንዲት የለውዝ ፍሬ ደሙ እስኪወጣ ድረስ እንደ ገረፈችው፥ በትምህርት ቤትም በአንድ ቀን ጧት ዐሥራ አምስት ጊዜ እንደ ተመታ ተናግሮአል፤ ያውም ገና ያልተማረውን የላቲን ሰዋስው መልስ ስለ ተባለና ስላልቻለ ነበር። ወላጆቹ ለበጎ አስበው እንዳደረጉት አልካደም። ነገር ግን ታላቁ የቤተ ክርስቲያን አባት ከዐርባ ዓመት በኋላ እንኳ ያንን ለውዝ አልረሳውም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ በምዕራፍ 3 ቍጥር 21፥ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ ይከለክላል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ ልባቸው እንዳይሰበር ይላል። ሐዋርያው ስለ ልጅ ልብ ማሰቡን አስተውሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። ቤቱ ድንኳን እንኳ ቢሆን የመኝታ ሰዓት ይኑረው፤ ማታ ማታ ስለ ጦርነቱ የሚያወራው ስልክና ቴሌቪዥን ይዘጋ፤ ኳስም ይጫወት፥ ጨዋታ ለልጅ ከንቱ ነገር አይደለምና። እናትና አባት የሚያውቁትን እውነት በልክ ይንገሩት፤ የተደበቀውን ነገር ልጅ በራሱ ሲፈታው ከእውነቱ የከፋ አድርጎ ይፈታዋል። ፊት ለፊት አስቀምጦ «ተናገር» ማለት ግን ችሎት ማቆም ነው። ጎን ለጎን ሲሄዱ፥ ሽንኩርት ሲላጥ፥ ቡና ሲቈላ ልጅ ሳይጠየቅ ይናገራል፤ በዚያን ጊዜ የተጀመረውን ነገር በምክር መቍረጥ አይገባም። እናትየዋም ለሐኪምና ለፖሊስ ሌላ አስተርጓሚ ከማኅበረ ምእመናን ትለምን። ዐረብኛ የምታውቁ ሰዎች በመካከላችን ሞልታችኋል፤ የአንድ ጧት ድካም ነው። ሕመሙ ግን ሳምንታት ቈይቶ ካልቀለለ፥ ይልቁንም ልጁ መሞትን በአፉ ካነሣ፥ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ። ጸሎትም መድኃኒትም የአንዱ እግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸውና አንዱን ይዘን ሌላውን አንጥላ።

ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ዮሴፍና ማርያም በዘመዶቻቸውና በሚያውቋቸው መካከል ፈለጉት፤ ባጡትም ጊዜ የመጡበትን መንገድ ተመልሰው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አገኙት። ወዴት ነበረ? በመቅደስ፥ በመምህራን መካከል ተቀምጦ። ምን ያደርግ ነበር? ይሰማቸው ነበር፥ ይጠይቃቸውም ነበር። የእግዚአብሔር ልጅ፥ ጥበብ ሁሉ የተሰወረበት እርሱ፥ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሲጠይቅ ተገኘ። መምህራኑም «አንተ ልጅ፥ ዝም በል» አላሉትም። ቦታ ሰጡት፤ በመልሱም ተደነቁ። ሽማግሌዎች የአንድን ብላቴና ጥያቄ ተቀምጠው የሰሙበት ያ ጉባኤ በዚያች ሰዓት እግዚአብሔርን በመካከሉ አስቀምጦ ነበር፥ ባያውቀውም።

የእኛ ልጆች ዛሬ በእነማን መካከል ተቀምጠዋል? በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በሱዳን ወደ 19 ሚሊዮን የሚሆኑ ልጆች ከትምህርት ውጭ መሆናቸውን አስታውቆ ነበር። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የተፈናቀሉ ሰዎች መጠለያ ሆነው ነበር። ቍጥሩ ትልቅ ስለ ሆነ ልባችን አይይዘውም፤ ስለዚህ አንድ ልጅ ብቻ አስቡ። ጦርነቱ ሲጀመር ሦስተኛ ክፍል ነበረ። በመንገድ ዐረብኛ ይናገራል፥ በቤት አማርኛ ይናገራል፤ ሁለቱንም ማንበብ አይችልም። ትምህርት ቤት ሲከፈት የሰባት ዓመት ልጆች በሚቀመጡበት ወንበር ሊያስቀምጡት ነው፤ ጕልበቱ ከወንበሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ትናንሾቹ ይስቁበታል። በማግሥቱ አይሄድም። «ትምህርት ጠልቶአል» ይባላል። እርሱ የጠላው ግን ኀፍረቱን ነው። በረክሻ ጋራዥ ሥራ ያገኛል፤ ወይም ደላላ ወደ ሊቢያ የሚወስደውን መንገድ ያሳየዋል፤ ወይም መሣሪያ የያዘ ሰው እንጀራና ክብር እሰጥሃለሁ ይለዋል። በዚህ ጦርነት ልጆች ለውጊያ መመልመላቸውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደጋግሞ ተናግሮአል። ብላቴናን በመካከላችን አስቀምጠን ካልሰማነው ሌላ ሰው ያስቀምጠዋል።

«ልጁ ካልሠራ ምን እንበላለን?» የምትለኝ እናት አለች፤ ጥያቄዋም እውነተኛ ነው። ሉተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1524 ዓ.ም. ለጀርመን ከተሞች አማካሪዎች ስለ ትምህርት ቤት በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ ጥያቄ አግኝቶታል። በዚያም ዘመን ወላጆች ልጆቻቸውን ከሥራ ለመለየት አይፈልጉም ነበር። እርሱም ወንዶች ልጆች በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት እንዲማሩ፥ የቀረውን ጊዜ በቤታቸው እንዲሠሩና የእጅ ሙያ እንዲለምዱ መከረ፤ ለሴቶች ልጆችም እንዲሁ ጊዜ እንዲሰጣቸው ጠየቀ። አንድ ሰዓት! የጋራዡ ጌታ ለሻይ የሚሰጠው ጊዜ ነው። እኛም ከዚህ እንጀምር። ዐሥር ያለፋቸው ወንዶች ልጆች ለብቻቸው፥ ትናንሾች በማያዩአቸው ቦታ፥ በየቀኑ አንድ ሰዓት ፊደልና ሒሳብ ይማሩ። በቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ ማንበብ ይጀምሩ፤ ማንበብ አንድ ጊዜ ከገባቸው ወደ ዐረብኛውና ወደ እንግሊዝኛው ይሻገራሉ። ማኅበሩም ሦስት ጥቁር ሰሌዳ መግዛት ካልቻለ በር ገንጥሎ ጥቁር ቀለም ይቀባ።

ይህ ከንቱ ተስፋ እንዳይመስላችሁ ከቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ አንድ ብላቴና ላሳያችሁ። በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ የተወለደ ነው፤ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሒካ ነበር፥ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱ የሞተበት በአራት ዓመቱ ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው የባሪያ ነጋዴዎች ነጠቁት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ እስከ ምጽዋ ወረደ፤ በዚያም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 ዓ.ም. ነጻ ወጣ። እስቲ አስቡት፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ ሲተላለፍ የኖረ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ምን ያህል ይናገራል? ፊደልስ ቶሎ ይገባዋልን? በእምኩሉ የነበሩት የስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ሰዎች ግን ከወንዶች ልጆች ጋር አስቀምጠው አስተማሩት። በ1872 ዓ.ም. ተጠመቀ፤ ስሙም በፊልሞና መልእክት እንዳለው ባሪያ ኦኔሲሞስ ሆነ። ይህ ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። በስዊድን የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ ሲመለስ ለወገኖቹ ወንጌልን ለማድረስ ወደ ወለጋ ለመግባት ፈለገ፤ በሌላ በኩል መንገድ ስላልተገኘ ከባልንጀሮቹ ጋር በሱዳን በኩል ሄደ። እስከ ጠረፉ ደርሰው ተከለከሉ፤ በሚያዝያ ወር 1882 ዓ.ም. በትኩሳት ደክመው ወደ ካርቱም ተመለሱ። የማህዲም ጦርነት በሱዳን ተነሥቶ ነበር። እንግዲህ እኛ የምንረግጠውን ይህን አፈር እርሱም በሕመምና በጦርነት ወሬ መካከል ረግጦታል። ከዚያም ወደ እምኩሉ ተመልሶ ወደ ትርጕም ሥራው ገባ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ ታተመ። በስተ መጨረሻም ወለጋ ገብቶ አስተማረ፤ በ1931 ዓ.ም. በነቀምት ዐረፈ። ሒካ የተባለው ልጅ በእውነት ተርጓሚ ሆነ። ልዩነቱን ግን ተመልከቱ። የእኛ ልጆች የሚተረጕሙት የሰውን ስድብና የፖሊስን ቃል ነው። እርሱ የእግዚአብሔርን ቃል እንዲተረጕም ያደረገው አስቀድሞ ሰዎች በመካከላቸው አስቀምጠው ስላስተማሩት ነው።

ማርያም ልጅዋን ባገኘችው ጊዜ ምን አለችው? ስለ ምን እንዲህ አደረግህብን ብላ ጠየቀችው፤ እርስዋና አባቱም እየተጨነቁ ሲፈልጉት እንደ ነበሩ ነገረችው። የእናት ተግሣጽ እንዲህ ነው፤ ጭንቀትዋን ሳትሸሽግ ትናገራለች። ልጅ እየተፈለገ መሆኑን ማወቅ ያስፈልገዋል። እርሱም በአባቱ ቤት መገኘት እንደሚገባው መለሰላት። ይህ በወንጌሉ ከተጻፈው የጌታ ቃል ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ በዚህ በመጀመሪያው ቃል አባት አለ።

ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ አባት የላቸውም። የአንዱ አባት ሞቶአል፤ የአንዱ በሊቢያ መንገድ ጠፍቶአል፤ የሌላው በባሕር ማዶ ነው፥ ስልክ የሚደውለውም በወር አንድ ጊዜ ነው። ስልክ የምትደውሉ አባቶች ሆይ፤ ስለ ገንዘቡ ብቻ አትናገሩ። ሉተር በ1530 ዓ.ም. በኮቡርግ ግንብ ተቀምጦ፥ የቤተ ክርስቲያን ታላቅ ጉዳይ በአውግስቡርግ ሲሰማ፥ የአራት ዓመት ልጁን ሃንስን አልረሳም። ልጆች ስለሚጫወቱበት፥ ፖምና ሌላም ጣፋጭ ፍሬ ስለሚለቅሙበት፥ ትንንሽ ፈረሶችም ስላሉበት ስለ አንድ ውብ የአትክልት ስፍራ ጻፈለት፤ እንዲጸልይና እንዲማርም በዚያው አደራ አለው። በዚያች ሰዓት የነገሥታት ጉዳይ በእጁ ነበር። እናንተስ ለልጃችሁ ዛሬ ምን እንደ ተማረ፥ ማን ወዳጁ እንደ ሆነ፥ ሌሊት እንዴት እንዳደረ ለመጠየቅ የስልክ ሒሳብ ታጣላችሁን?

አባት ለሌላቸው ደግሞ በማኅበሩ ያላችሁ ወንዶች አላችሁ። ሉተር በ1529 ዓ.ም. ታናሹን ካቴኪዝም ሲጽፍ የቤት አባት ለቤተ ሰቡ እንዴት እንደሚያስተምር እየገለጠ ጽፎአል። የቤት አባት በሌለበት ቤት ይህን ማን ያድርግ? እናቲቱ ታደርጋለች፥ ስታደርግም ኖራለች፤ እግዚአብሔር ይስጣት። ነገር ግን ዮሴፍ ለኢየሱስ በሥጋ ወላጅ አልነበረም፤ ወንጌሉ ግን ሲፈልገው ያሳየናል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከማርያም እኩል ተጨንቆ ፈለገው። ከእናንተ እያንዳንዱ አንድ ብላቴና በስሙ ይወቅ። እሑድ ከጸሎት በኋላ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ካቴኪዝሙን ከማስጠናቱ በፊት ምሳ መብላቱን ይጠይቀው፤ ሙያ ያለው ሙያውን ያሳየው፤ በመጀመሪያውም ቀን ልጁ ባይናገር አይሰልች። እናቱ የምታውቀውና የምትፈቅደው፥ በሰው ፊት በግልጥ የሚሆን ይሁን፤ ልጆችን የሚጐዱ ተኵላዎች በበግ ለምድ እንደሚመጡ ጌታ አስጠንቅቆናልና።

ይህን ስትሰሙ ልባችሁ የወደቀ እናቶች ትኖራላችሁ። «ልጄ በአጠገቤ ሳለ ጠፍቶብኛል፤ ይህንስ እስከ ዛሬ አላየሁትም» ትላላችሁ። ከሴቶች ሁሉ የተባረከችው ማርያም ልጅዋን ሦስት ቀን አጥታዋለች። እግዚአብሔር ስለዚህ አደራውን አልወሰደባትም፤ ሌላ እናት አልፈለገም። ያጡት ወላጆች ተመልሰው ፈለጉት፤ እርሱም ከእነርሱ ጋር ወደ ናዝሬት ወረደ፥ ይታዘዛቸውም ነበር። ስለ እኛ የሞተው፥ የጠፋውን ሊፈልግና ሊያድን የመጣው እርሱ ራሱ አንድ ጊዜ የሚፈለግ ልጅ ሆነ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ዐሥራ ሦስትም ሆነው፤ ድምፁ ተለወጠ፥ ቁመቱ ረዘመ፥ በጥበብና በጸጋም አደገ። ስለዚህ ይህን ዕድሜ ከውስጥ ያውቀዋል። በጥምቀት የእርሱ የሆነ ልጅ በዚህ ዕድሜ ብቻውን አይሄድም፤ እኛ ሳናየው በቀረንባቸው በእነዚያ ሦስት ዓመታትም ብቻውን አልሄደም። ይቅርታውም ለእናትና ለአባት ዛሬ ተዘጋጅቶአል፤ ከይቅርታውም በኋላ የመመለሻው መንገድ ክፍት ነው።

እንጸልይ።

የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበርህ ጌታ ሆይ፤ በካርቱም በፈረሱ ቤቶች፥ በገዳሪፍና በከሰላ፥ በመተማ መንገድና በመጠለያው ድንኳን ያሉትን ወንዶች ልጆች ተመልከት። ከቍጥቋጦ በታች ዝም ያሉትን ስማቸው። ሌሊት የሚባንኑትን አሳርፋቸው። መጽሐፍ ያጡትን መጽሐፍ፥ አስተማሪ ያጡትን አስተማሪ ስጣቸው። አባቶቻቸው በሩቅ አገር ያሉትን አባቶቻቸውን ጠብቅላቸው፤ የሞቱባቸውን አንተ አባት ሁናቸው፥ ከእኛም መካከል የሚቀመጥላቸው ሰው አስነሣ። እናቶቻቸውን አበርታ። እኛንም ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ ዓይናችንን ክፈት። አሜን።